የማሲንቆ ወሬ መንገድ
በጎንደርና በጎጃም ገጠር የዘፈን ዜና እንዴት ይተላለፍ እንደ ነበር

መልእክትን ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ ማድረስ የመገናኛ መሐንዲስ ዋና ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ሽቦ ከመዘርጋቱ፣ ምሰሶ ከመተከሉና ማሠራጫ ከመቆሙ አስቀድሞም ቢሆን ወሬ ከአገር አገር ይዘልቅ ነበር። የጎንደርና የጎጃም ገበሬ ማሲንቆ የሚመታበት ድግስ በየትኛው መንደርና በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚያውቀው ጋዜጣ አንብቦ ወይም በግድግዳ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይቶ አልነበረም። ያም ሆኖ ዳሱ ባዶውን አይቀርም፤ አዝማሪውም ቀኑን አይስትም። ይህ ጽሑፍ ያ ወሬ በምን መንገድ ይሄድ እንደ ነበር፣ መንገዱም በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠና ለውጡ ማንን እንደ ጠቀመ፣ ማንንስ እንደ ጎዳ ለመመርመር የቀረበ ነው።

የቀን መቁጠሪያው

የመጀመሪያው የወሬ ምንጭ የዘመን አቈጣጠሩ ነው። ከበዓላቱ አንዳንዶቹ ቀናቸው የተቆረጠ ስለሆነ ማንም ለማንም መንገር አያስፈልገውም። ጥምቀት ጥር 11 ቀን፣ ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። የጎንደር ጎረቤት በሆኑት በዋግና በላስታም የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ወደ ቆቦ ወረድ ሲባል ደግሞ ሶለል እያሉ ይጫወታሉ። ለእነዚህ ጨዋታዎች ቀኑ ራሱ ጥሪ ነው።

የሠርግ ጊዜ ግን ከዚህ ይለያል። የኦርቶዶክስ ምእመን በጾም ወራት ስለማይሞሸር የሠርግ ዘፈን ወቅት የሚወሰነው በጾሙ መግቢያና መውጫ ነው። ይህም በባሕረ ሐሳብ ተሰልቶ የሚገኝ ሲሆን የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉባቸው ቀኖች መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ይታወጃሉ። በስሌቱ መሠረት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፤ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ ሲያጥር 20 ቀን፣ ሲረዝም 54 ቀን ያህል ይሆናል። ከዚህም ውስጥ 3ቱ ቀን የነነዌ ጾም ነው።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ለአዝማሪው ግን የዓመት እንጀራው ነው። ወቅቱ ባጠረበት ዓመት ሠርጉ ሁሉ በጥቂት ቀኖች ላይ ይደራረብበታልና አንዱን ደጋሽ ሲቀበል ሌላውን ያጣል። ወቅቱ በረዘመበት ዓመት ግን ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ለመዘዋወር ጊዜ ያገኛል። ጾሙ ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀልና ተራው የበገና ይሆናል። እንግዲህ መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚሰማው አዋጅ ለምእመኑ የጾም ማስታወቂያ ሲሆን ለዘፈን አፍቃሪውና ለአዝማሪው ደግሞ የዓመቱ የጨዋታ መርሐ ግብር ነበር ማለት ይቻላል።

ገበያው

የቀን መቁጠሪያው ወቅቱን ይነግራል እንጂ ቦታውን አይነግርም። እገሌ ልጁን በየትኛው ሳምንት እንደሚድር፣ የማን ደቦ ለመቼ እንደ ተጠራ፣ የትኛው አዝማሪ ቀብድ እንደ ተቀበለ የሚታወቀው በገበያ ነበር። የገጠር ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ይቆማል። ጎረቤታም የሆኑ ገበያዎች ቀናቸው እንዳይጋጭ ተደርጎ ስለሚመደብ አንዱ ማክሰኞ ሲውል ሌላው ሐሙስ፣ ሌላው ደግሞ ቅዳሜ ይውላል። ጨው ወይም በርበሬ የጫነ ነጋዴ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲዞር ከሸቀጡ ጋር ወሬውን ይዞ ይሄዳል። በቅዳሜው ገበያ የተወራ የሠርግ ዜና በሳምንቱ ውስጥ በዙሪያው ያሉትን ገበያዎች ያዳርሳል። በዛሬው የሙያ ቋንቋ ለመናገር፣ እያንዳንዱ ገበያ መልእክት ተቀብሎ፣ አጠናክሮ እንደገና የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነበር።

መንግሥትም ይህንኑ ያውቅ ነበር። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ መካከል ነው። ለድግስ ግን ነጋሪት አይጎሰምም። የድግስ ወሬ ከእህል ተራ ወደ ከብት ተራ፣ ከከብት ተራ ወደ ጠላ ቤት በአፍ ይተላለፋል። ወሬ ሲተላለፍ መዛባቱ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ድግግሞሽ ነበር። ከአንድ ሰው አፍ የሰማውን ይዞ የግማሽ ቀን መንገድ የሚሄድ ሞኝ የለም፤ ያንኑ ወሬ ከሌላ መንደር ከመጣ ሰው አፍ ሲሰማው ነው ዱላውን የሚያነሣው። ስሕተትን በመደጋገም የማረም ዘዴ መሐንዲሶች በቀመር ከማስቀመጣቸው በፊት በገበያ ሲሠራበት የኖረ ነው።

በዚህ መንገድ የሚሄደው ወሬ አንድ ትልቅ ጠባይ ነበረው። የተጠራውንም ያልተጠራውንም እኩል ያዳርሳል። የደጋሹ ዘመድና ጎረቤት በጠሪ ይጠራል፤ የዘፈኑ ፍቅር ብቻ ያለው ሰው ግን ከገበያ ሰምቶ ይመጣል። ከዳሱ ደጃፍ ቆሞ የሚሰማውንም ሰው ግባ ማለት እንጂ መመለስ ነውር ነበር።

አዝማሪው

ከወሬ አድራሾች ሁሉ የላቀው ግን አዝማሪው ራሱ ነው። በፈረስ ጭራ በተሠራች አንዲት አውታር ማሲንቆውን እየመታ ከመንደር መንደር፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሲዞር ያለፈበትን ሁሉ ያያል፤ ይሰማል። በአዝማሪዎች መንደርነቱ ከታወቀው፣ በጎንደር አቅራቢያ ከሚገኘው ከቡርቧክስ የተነሣ ሰው ቤቱ ከመመለሱ በፊት ብዙ አገር ይረግጣል። በደረሰበትም የሚጠበቅበት ዘፈን ብቻ አልነበረም። ማን ሹመት አገኘ፣ ማን ተሻረ፣ አዝመራው በወዲያኛው ወንዝ እንዴት ነው፣ ሠርግ በየት አለ ለሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ ይዞ ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

ግንኙነቱም የሁለት ወገን ነበር። አድማጩ «ተቀበል» ብሎ የራሱን ስንኝ ለአዝማሪው ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ለጉባኤው ያደርሳል። በፊት ለፊት ሊነገር የማይቻል ወቀሳ በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ በአዝማሪው አፍ ይነገራል። አዝማሪው የሌላውን ቃል ተሸካሚ ስለ ሆነ በተናገረው አይያዝም የሚል ልማድ ነበር፤ ልማዱ ግን ሁልጊዜ አልተከበረለትም። አዝማሪዎች ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋም ነበራቸው። ይህንንም ቋንቋ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ዎልፍ ሌስላው አጥንተው ጽፈውበታል። በዚያ ቋንቋ በደጋሹ ፊት ተቀምጠው ስለ ደጋሹ ሊነጋገሩ ይችሉ ነበር።

ከአዝማሪዎች የሚለዩት፣ ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዘፈኑ ምጽዋት የሚለምኑት ወገኖች ደግሞ ሥራቸውን የሚጀምሩት መረጃ በመሰብሰብ ነው። የባለቤቱን ስምና የቤተ ሰቡን ሁኔታ ከጎረቤት አስቀድመው ይጠይቃሉ። በማለዳ ከደጁ ሲቆሙ በስሙ ጠርተው ያወድሱታል። ወሬና ዘፈን ምን ያህል የተቆራኙ እንደ ነበሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

የ1929 ዓ.ም. መቅሠፍት

የወሬው መንገድ ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ከባለቤቶቹ ይልቅ ጠላት ቶሎ ተረዳው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና በከተማው ሕዝብ ላይ እልቂት ከተፈጸመ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር ዓይኑን በአዝማሪዎች፣ በጠንቋዮችና በባሕታውያን ላይ ጣለ። ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም እነዚህ ሰዎች የኢጣልያ አገዛዝ በቅርቡ ይወድቃል እያሉ በሕዝቡ ውስጥ ወሬ እንደሚነዙና ለጸጥታ እጅግ አደገኞች እንደሆኑ ገለጸ። እንዲያዙና እንዲገደሉ ማዘዙን፣ እስከዚያም ቀን ድረስ 70 ሰዎች ተይዘው መገደላቸውን አስታወቀ። ሮምም ድርጊቱን አጸደቀች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ኢጣልያ በዚያን ጊዜ ቴሌግራፍ፣ ሬዲዮ፣ አውሮፕላንና የጭነት መኪና ነበራት። አዝማሪው ግን የነበረው አንዲት አውታርና ሁለት እግር ብቻ ነው። ያም ሆኖ በቴሌግራም የሄደ ትእዛዝ በአፍ የሚሄደውን ወሬ ለማጥፋት ተላለፈ። ሽቦ ቢሆን በተቆረጠ፣ ማሠራጫ ቢሆን በተዘጋ ነበር፤ የዚህ መገናኛ መሣሪያው ሰው ስለ ሆነ መንገዱን ለመዝጋት ሰውየውን መግደል አስፈለገ። የተገደሉት ሰዎች ስም በየመዝገቡ ተጽፎ እንደ አርበኞቹ አለቆች አልተወደሰም። መሞታቸው ግን ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ወሬ አድራሾች ስለ ነበሩ ነው።

ሽቦው፣ ማዕበሉና ክሩ

ዘመናዊው መገናኛ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር ሥራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተጀመረ። የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያም በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ሥራውን ጀመረ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም መስመሮቹ እየተስፋፉ ሄዱ። ነገር ግን የስልኩ ሽቦ የተዘረጋው ከተማን ከከተማ፣ መሥሪያ ቤትን ከመሥሪያ ቤት ለማገናኘት ነበር። በደጋውና በቆላው የሚገኘው የገበሬ መንደር በምሰሶዎቹ ሥር ሆኖ በገበያው ወሬ ኖረ።

ድምፅን ከዘፋኙ መለየት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ስለ መኪና እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር በተላኩ ጊዜ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የመካኒክነት ትምህርትና የዘፈን ቅጂ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ለመሐንዲስ አንባቢ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዘፈን ያለ ዘፋኙ መሄድ ጀመረ።

ይህ ለውጥ ገጠር የደረሰው ግን በትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈለሰፈ፤ በ1947 ዓ.ም. የትራንዚስተር ሬዲዮ ለገበያ ቀረበ። በድንጋይ ባትሪ የሚሠራው ትንሽ ሬዲዮ ከጊዜ በኋላ መብራት ወደሌለበት ጠጅ ቤት ገባ። ከኢትዮጵያ ሬዲዮ ሌላ፣ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያም ይሰማ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ፊሊፕስ ያወጣው የካሴት ክር ተከተለና የማሲንቆና የክራር ዘፈን ከጨውና ከሳሙና ጋር በየሱቁ ይሸጥ ጀመር።

ጥቅሙ የማይካድ ነው። የጎጃም ገበሬ የወሎን ዜማ፣ የጎንደሩ የሸዋን ዜማ ቤቱ ሆኖ ለመስማት በቃ። ጉዳቱ ግን ዝግ ብሎ የመጣ ነው። ሬዲዮው የመዲናይቱን ወሬ ወደ መንደር አደረሰ እንጂ የመንደሩን ወሬ ወደ ጎረቤት መንደር አላደረሰም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ማሲንቆ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚሻ ሰው ሬዲዮው ምንም አልጠቀመውም። «ተቀበል» ብሎ ስንኝ የሚሰጠውም ሰው የለም፤ ሳጥኑ ይናገራል እንጂ አይሰማም። መገናኛው ረጅም ሆነ፤ ነገር ግን አንድ ወገን ብቻ ሆነ።

የእጅ ስልኩ

የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ በኋለኞቹ ዓመታት ወደ ገጠር ሲዘልቅ የሁለት ወገን ግንኙነት ተመለሰ። ዛሬ ደጋሽ አዝማሪውን የሚፈልገው በስልክ ነው፤ ቀብዱንም በስልክ ይነጋገራሉ። አዝማሪው ባዶ ዳስ ለመፈለግ እግሩን አያደክምም። በሌላ በኩል ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በከተሞች የተስፋፉት የአዝማሪ ቤቶች ዘዋሪውን አዝማሪ በአንድ ቦታ አስቀመጡት። ቀድሞ ዘፈኑ ወደ አድማጩ ይሄድ ነበር፤ አሁን አድማጩ ወደ ዘፈኑ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ስልክ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ይሰማል፤ የማያውቅ አይሰማም። የገበያው ወሬ ያዳርሰው የነበረው ያልተጠራ አድማጭ፣ ዘመድ ሳይኖረው ዘፈኑን ብቻ ወድዶ የሚመጣው ሰው፣ በዚህ መገናኛ ውስጥ ስፍራ የለውም። ከዳሱ ደጃፍ ቆሞ ስንኝ የሚያቀብለው፣ አዲሱን ግጥም ወደ ሰፈሩ ይዞ የሚመለሰው ግን ይኸው ሰው ነበር። እርሱ ሲጠፋ ዘፈኑ የሚታደስበት አንዱ ምንጭ ይደርቃል።

ከዚህ ታሪክ የሙያ ባልደረቦች ሊወስዱት የሚገባው ትምህርት የቀድሞው ሁሉ መልካም ነበር የሚል አይደለም። በገበያ ወሬ የሚተዳደር አገር ድርቅና ወረርሽኝ ሲመጣበት ዘግይቶ እንደሚሰማ አይዘነጋም። ትምህርቱ ሌላ ነው። መገናኛ ሲነደፍ የሚጠየቀው ምን ያህል ርቀት ይደርሳል፣ ምን ያህል መልእክት ይሸከማል የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ማን ይሰማል፣ ማን መመለስ ይችላል የሚለውም መጠየቅ አለበት። በአውራጃ ደረጃ የሚሰማ አነስተኛ የሬዲዮ ማሠራጫ ከመሣሪያ አንጻር ከባድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው ከየገበያው የሚመጣውን የሠርግ፣ የደቦና የበዓል ወሬ የሚቀበልበትን የመመለሻ መንገድ በንድፉ ውስጥ ማስገባት ነው። ማሠራጫውን ከገበያው አጠገብ ማቆም፣ በገበያ ቀን ማይክሮፎኑን ለሚመጣው ሰው መክፈት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለአካባቢው ዜና ብቻ መተው፣ ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

በ1929 ዓ.ም. የተገደሉት ሰዎች በአንዲት አውታር የሸከሙት አገልግሎት ይህ ነበር። እነርሱ የሚሰማውንም የሚመልሰውንም ሰው አንድ ላይ አገናኝተው ነበር። ከእነርሱ በኋላ የተተከለው መሣሪያ ሁሉ ይህን ሊያደርግ የሚችል ነው፤ የሚቀረው እንዲያደርግ ሆኖ መሠራቱ ነው።