ስንቅ

ስንቅ ማለት መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ለመንገድ የሚይዘው፣ ሳይበላሽ የሚቆይና ያለ ብዙ ድካም የሚበላ ምግብ ነው። ቃሉ «ሰነቀ» ከሚለው ግስ ጋር የተያያዘ ሲሆን ለታሳሪ የሚቀበል ምግብም ስንቅ ይባላል። «ስንቅና ትጥቅ» የሚለው አነጋገር ደግሞ የጦር ሠራዊትን አቅርቦት ያመለክታል። ስንቅ ከአገልግል ይለያል፤ በአገልግል የሚያዘው እንጀራና ወጥ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ መበላት አለበት።

ታሪክ

በቀድሞ ዘመን ዘማች ስንቁን በአብዛኛው ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። ስንቁ በስልቻና በአቁማዳ ተሞልቶ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። በ1888 ዓ.ም. ከየካቲት 23 ቀኑ የዓድዋ ጦርነት በፊት በነበሩት ቀናት የሁለቱም ወገኖች ስንቅ ተመናምኖ ነበር። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደፊት ለመግፋት ከወሰነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

አመራረጥ

ዛሬ በሰሜን ተራሮች ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን በእግሩ የሚጓዝ ሰው ምርጫውን የሚወስኑበት ክብደትና ከፍታ ናቸው። ከእርጥብ እንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ እሱን መሸከም ውሃ መሸከም ነው። ደረቅ ምግብ ከሆነ ለአንድ ሰው በቀን ከ700 እስከ 900 ግራም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት 350 ኪሎካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ ያው መጠን ያለው የተነጠረ ቅቤ ወደ 900 ይጠጋል። በሶን በቅመም ቅቤ በማሸት የሚሠራው ጭኮ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታው ጀማሪዎች የሚዘነጉት ነገር ነው። የጨነቅ ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ምስርም ሆነ ንፍሮ ቆላ ላይ ከሚፈጀው ጊዜ በጣም የበለጠ ስለሚወስድ የተያዘው ጋዝ ወይም ላምባ ሳይበስል ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ በእሳት ያለፈ እህል ይመረጣል።

አዘገጃጀት

በሶ ከሁሉም የተሻለ ስንቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገብሱ ትንሽ ውሃ ከነካ በኋላ በምጣድ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይበጠራል፣ እንደገና ተቆልቶ ይፈጫል። ዱቄቱ ቀድሞ ስለበሰለ እሳት አይፈልግም። በጥቂት ውሃና ጨው ሲታሽ ጭብጦ፣ በብዙ ውሃና በማር ወይም በስኳር ሲበጠበጥ ደግሞ ብጥብጥ ይሆናል። የቲቤት ሰዎች ጻምፓ የሚሉት ምግብም እንዲሁ ከተቆላ ገብስ ይፈጫል።

ድርቆሽ የሚዘጋጀው እንጀራን ቆራርሶ በፀሐይ በማድረቅ ነው። እንጀራው ስስ ቢሆን ይመረጣል፤ በክረምት ደመና ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀ ድርቆሽ ይሻግታል፣ የሻገተውም ሁሉ መጣል አለበት። ለቋንጣ ስጋው ከጮማ ጸድቶ በስሱ ይዘለዘላል፤ ከዚያም በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ወፍራም ዝልዝል ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ስለሚቀር ይሸታል፤ ጮማም ቶሎ ይከረፋል። በጉዞ ላይ ቋንጣ ከድርቆሽ ጋር ፍርፍር ሊሆን ይችላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ዝግጅት ስለማይጠይቁ እየሄዱ ለመቆርጠም በኪስ ይያዛሉ።

ከመነሳት በፊት ስንቁን በቀን በቀን ከፍሎ በየከረጢቱ ማሰር ይጠቅማል፤ እንዲህ ካልሆነ በመጀመሪያው ቀን ብዙው ይበላል። አንድ ትርፍ የቀን ድርሻም መያዝ ያስፈልጋል።

ውሃ

ደረቅ ስንቅ ውሃ ይጠይቃል። በሶ ስለማይቀቀል የሚበጠበጥበት የወንዝ ውሃ ካልፈላ ወይም በመድኃኒት ካልታከመ፣ በምግቡ ንጽሕና ላይ የተደከመው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ተቅማጥ የያዘው መንገደኛ ደግሞ ከመንደርና ከጤና ጣቢያ ርቆ ይገኛል። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያህል መንተክተክ አለበት።

ጾም

አብረው ከሚጓዙት መካከል ጿሚ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በሌሎች አጽዋማት የሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ቋንጣና ቅቤ ያለበትን ጭኮ አይበላም፤ በሶ በውሃና በማር፣ ተልባና ቆሎ ግን ይስማሙታል።

ከጉዞ ውጭ

ከቤት ርቆ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪም በሶና ዳቦ ቆሎ ተሰንቆለት ይሄዳል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶችም ድርቆሽና በሶ ይላካል፤ ቋንጣ ግን ብዙ አገሮች የስጋ ውጤት ከውጭ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ በጉምሩክ ይወረሳል።