የተሽከርካሪ ቀለምን በውኃ ማለስለስ፦ አሠራሩ፣ አደጋውና ጥንቃቄው

በከተሞቻችን የጋራዥ ሠፈሮች ሲያልፉ አንድ የተለመደ ሥራ ይታያል። ወጣት ሠራተኛ ባልዲ ውኃ ከጎኑ አስቀምጦ፣ የረጠበ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የመኪና ኮፈን ያሻል። ከወረቀቱ ሥር የሚወጣው ቀለም ያዘለ ጭቃ በላሜራው ላይ ወርዶ ወደ ቦይ ይፈስሳል። በገጠርም ትራክተር፣ ባጃጅ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ያለው አርሶ አደር የደበዘዘውን ንብረቱን አድሶ ለመቀባት ሲነሣ ይኸንኑ ሥራ ይሠራል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሏቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የቀለሙ ስስነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውኃው አቧራውን ከአየር ላይ ያስቀረዋል እንጂ የማያጠፋው መሆኑ ነው። ሙያውን በደኅና ለመማር ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ውኃው ለምን ያስፈልጋል?

ብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሲታሽ የቀለም ብናኝ በወረቀቱ ጥርሶች መካከል ይሞላል። ወረቀቱም ቶሎ ይደፈናል፤ የተጠራቀመው ብናኝ ደግሞ ቀለሙን ይቧጭራል። ውኃ ብናኙን እያጠበ ያወርዳል፣ ግለቱን ይቀንሳል፣ ገጽታውንም ያለሰልሳል። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው በውኃ የማይፈርስ ወረቀት በአሜሪካው 3ኤም ኩባንያ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1921 ለገበያ ቀርቦ በመኪና ፋብሪካዎች ተስፋፍቷል። ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ሠራተኞች የሚተነፍሱትን አቧራ መቀነሱ ነበር።

ቀለሙ ምን ያህል ስስ ነው?

የዘመናዊ መኪና ቀለም ከታች ወደ ላይ ፕራይመር፣ ዋናው ቀለምና ቀለም አልባው የሚያብረቀርቅ ሽፋን (ክሊር) ተደራርበው የሚሠሩት ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ጠቅላላ የቀለም ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይደርሳል። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር 1000ኛ እጅ ነው። ክሊሩ ብቻውን 50 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር የሚቀጥን ነው።

ዋናውን ቀለም ከፀሐይ የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው። ከመጠን በላይ የታሸ ክሊር ለጊዜው እንደ መስታወት ቢያብረቀርቅም፣ እንደ እኛ ባለ የደጋ ፀሐይ ቆይቶ ሊላጥ ይችላል። ስለዚህ የሚታሸው ጉድለቱን ለማስተካከል የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረት በማሸት አይወገድም፤ የሚያስፈልገው እንደገና መቀባት ነው።

የወረቀቱ ቁጥር

በወረቀቱ ጀርባ ያለው ቁጥር ሲያንስ ወረቀቱ ሻካራ፣ ሲጨምር ደግሞ ልስልስ ይሆናል።

• ስቱኮን ቅርጽ ለማስያዝ ከ80 እስከ 180፤ ይህ የሚሠራው በደረቁ ነው።
• ፕራይመርን ለቀለም ለማዘጋጀት ከ600 እስከ 800፣ በውኃ።
• በክሊር ላይ ያለ የአቧራ ጠብታን ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተኮማተረ ገጽታን ለማስተካከል 1500፤ ቀጥሎ 2000፣ በመጨረሻም 3000፣ በውኃ።

ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ነገር ግን የሻካራው ወረቀት ጭረት በልስልሱ ስለማይጠፋ፣ ሠራተኛው ፖሊሽ ሲያደርግ የቀረው ጭረት በፀሐይ ብርሃን ይወጣበታል።

አሠራሩ

አዲስ የተቀባ ቀለም በሚገባ ሳይደርቅ አይነካም። የመቆያው ጊዜ በቀለሙ ጣሳ ላይ የተጻፈው ነው። ሥራው በጥላ ሥር ይሁን፤ በፀሐይ በጋለ ላሜራ ላይ ውኃው ቶሎ ይደርቃል።

መጀመሪያ ተሽከርካሪው በሳሙና ታጥቦ ይጽዳ። ወረቀቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ይንከር። በባልዲው ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቢጨመር ወረቀቱ በቀላሉ ይንሸራተታል። ሁለት ባልዲ ማዘጋጀት ይመረጣል፤ አንዱ ወረቀቱን ለማለቅለቅ፣ ሌላው ንጹሕ ውኃ ለመጨመር። መሬት ላይ የወደቀ ወረቀት አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከያዘ የቀኑን ድካም ያበላሻል።

ወረቀቱ በጎማ መደገፊያ ላይ ይጠቅለል። በባዶ ጣት ሲታሽ ግፊቱ በጣቶቹ ሥር ስለሚበዛ ገጽታው ቦይ ቦይ ይሆናል። እጅን ሳያከብዱ፣ በክብ ሳይሆን በቀጥታ መስመር ማሸት ይገባል። ወደ ቀጣዩ ቁጥር ሲሻገሩ አቅጣጫውን መለወጥ ያለፈው ጭረት መጥፋት አለመጥፋቱን ያሳያል።

ቀለሙ እጅግ የሚሳሳው በላሜራው ጠርዝና እጥፋት ላይ ነው። ጀማሪ እነዚህን ቦታዎች በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ቢሠራ ይጠቀማል። በየጥቂት ምቱ ቆም ብሎ ውኃውን በጎማ መጥረጊያ ገፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ደብዛዛው የታሸው ቦታ ሲሆን፣ የሚያብረቀርቁት ነጠብጣቦች ገና ያልተነኩ ዝቅተኛ ቦታዎች ናቸው።

ክሊር ባለው መኪና ላይ የሚወርደው ጭቃ ነጭ ነው። የመኪናውን ቀለም መያዝ ከጀመረ ክሊሩ አልቋልና ሥራው ወዲያው ይቁም። ክሊር በሌለው፣ እንደ ብዙዎቹ አሮጌ ትራክተሮች ባለ ቀለም ላይ ግን ጭቃው ከመጀመሪያው አንሥቶ ቀለም ይይዛል።

ውኃ የማይነካቸው

ስቱኮ ውኃ ይመጣል። በውኃ ታሽቶ የተቀባ ስቱኮ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቀር ከጊዜ በኋላ ቀለሙ ይነፋል፣ ከሥሩም ብረቱ ይዝጋል። ባዶ ብረትም ውኃ ሲነካው በአጭር ጊዜ ዝገት ይጀምረዋል። ሁለቱም በደረቁ ታሽተው፣ ተጠርገውና በፕራይመር ተሸፍነው ብቻ ወደ ውኃው ሥራ ይገባሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሻሻ ወይም ግራይንደርም ከውኃ ጋር አይገናኝም፤ ሕይወት ያጠፋል።

የሠራተኛው ጤና

በአሮጌ ቀለሞች፣ በተለይም በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለሞች ውስጥ ሊድ የተባለው የእርሳስ ማዕድን ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት እንደማያደርስ የተረጋገጠ የሊድ መጠን የለም። ሊድ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ዕድሜው የማይታወቅ ቀለም ሁሉ ሊድ እንዳለበት ተቆጥሮ ይሠራ።

የጎማ ጓንትና የዐይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋሉ። በደረቁ በሚታሽበት ጊዜ ደግሞ አቧራ የሚያጣራ የፊት ጭምብል ይታከልበት፤ ሻሽ ወይም ፎጣ ረቂቁን ብናኝ አያስቀርም። ማድረቂያ ተጨምሮበት የሚቀባ ቀለም አይሶሳይኔት የተባለ፣ አስም የሚያስከትል ኬሚካል ስላለው፣ ሳይደርቅ ማሸት ለሳንባም አደገኛ ነው።

እጅን በቲነር መታጠብ ቆዳን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃልም። ሳሙናና ውኃ ይበቃል። ሳይታጠቡ መብላት፣ ማጨስ ወይም ጫት መቃም ብናኙን በቀጥታ ወደ ሆድ ያስገባል። የሥራ ልብስ እዚያው ወልቆ ለብቻው ይታጠብ፤ አባት በልብሱ ይዞ የሚገባውን ብናኝ ቤት ውስጥ የሚጠብቁት ልጆቹ ናቸውና።

ጭቃው የት ይሂድ?

የታሸው ቀለም በሙሉ የሚገኘው በሚወርደው ጭቃ ውስጥ ነው። መሬት ላይ ሲደርቅ ተመልሶ አቧራ ይሆናል፤ ወደ ቦይ ሲገባ ደግሞ ከብት ወደሚጠጣው፣ ጎመንና ሰላጣ ወደሚለማበት ወንዝ ይደርሳል። ከብቶች የቀለም ቅራፊና የወዳደቀ ባትሪ ስለሚልሱ ለሊድ መመረዝ የተጋለጡ ናቸው። የተመረዘ ከብት ዐይኑ ይታወራል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይንገዳገዳል፣ ራሱን ከግድግዳ ጋር ይገፋል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ሲታይ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ይገባል።

ስለዚህ ሥራው ከጉድጓድ ውኃ፣ ከምንጭ፣ ከጓሮ አትክልትና ከበረት ርቆ ይሠራ። ከተሽከርካሪው ሥር ፕላስቲክ ይነጠፍ። የተጠራቀመው ውኃ ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይጥለልና ይትነን። ከሥር የቀረው ዝቃጭ አቧራ ሆኖ ሳይበን፣ እርጥብ እንዳለ ክዳን ባለው ዕቃ ይታሸግ። አይቃጠልም፤ ከፍግና ከኮምፖስት ጋርም አይቀላቀልም። አወጋገዱን በተመለከተ የከተማውን ጽዳት ወይም የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

ለጀማሪና ለባለንብረት

ሙያውን የሚማር ሰው በደንበኛ መኪና ላይ አይጀምርም። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ፓራፋንጎ ወይም በር ይበቃዋል። ክሊሩ እስኪያልቅ ሆን ብሎ አንድ ጊዜ ቢያሸው፣ ጭቃው ቀለም የሚቀይርበትን ቅጽበት ዐይኑ ይለምዳል።

ባለንብረትም መኪናውን ሲያስረክብ ከዋጋው ጋር ሁለት ጥያቄዎችን ያንሣ፦ ስቱኮውን በደረቁ ነው የምታሹት? የሚወርደውን ጭቃስ የት ትደፉታላችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚነግረው የቀለሙን ዕድሜ ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ ከጋራዡ በታች ያለ መንደር የሚጠጣውን ውኃ።