ሣጥኑ የማን ነው? ከምኒልክ ስልክ እስከ ወረታ ዋይፋይ

«ከመሥመሩ ጋር የመጣው ሞደም ጓዳ ድረስ አይደርስልኝም፤ ሌላ ራውተር ገዝቼ ልጨምርበት?» ወረታም ባሕር ዳርም ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው የቴክኒክ ብቻ ይመስላል። ከኋላው ግን የቆየ ሌላ ጥያቄ አለ፤ መሥመሩ ደጃችንን ካለፈ በኋላ ሥልጣኑ የማን ነው?

ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ታሪኩም እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ይቆጠራል። መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር። በ1945 ዓ.ም. አገልግሎቱን የሚመራ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ተለዋወጠ፣ የድርጅቱም ስም ተለዋወጠ፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ያልተለወጠው ብቸኝነቱ ነው። ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

አሜሪካኖችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። ስልክን በበላይነት የያዘው ኤቲ ኤንድ ቲ የራሱ ካልሆነ በቀር በመሥመሩ ላይ ሌላ ዕቃ እንዲገናኝ አይፈቅድም ነበር። ቶም ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው ሬዲዮን ከስልክ የሚያገናኝ መሣሪያ ሠርቶ ተሟገተ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ተፈረደለት። መሥመሩን እስካልጎዳ ድረስ ደንበኛው የራሱን ዕቃ መሰካት ይችላል ተባለ። ዛሬ ራውተር ከሱቅ ገዝቶ መሰካት ተራ ነገር የሆነው እንዲህ ባለ ክርክር ነው።

በእኛ አገር ግን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ (ቁጥር 761) ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ የሚያስገባን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር ይደነግግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዲስ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ወጣ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም ተቋቋመ። አሁን ራውተር በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ በግልጽ ይሸጣል።

ነገሩ ለእኛ ለአማራ ክልል ሰዎች የቅንጦት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘጋ፣ በአንዳንድ ከተሞች የገመድ መሥመር ያለው ቤትና ሆቴል የሰው መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር። አንድ መሥመር ስንት ሰው ያደርሳል የሚለው ጥያቄ ያኔ የፈተና ምዝገባ፣ የሥራ ማመልከቻና ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር የመገናኘት ጉዳይ ነበር።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ሞደም የምንለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ሦስት ሥራ አንድ ላይ ይዟል፤ ከመሥመሩ የሚመጣውን ምልክት ይተረጉማል፣ ለየመሣሪያው ያከፋፍላል፣ በዋይፋይ ይረጫል። የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ወፍራም ግድግዳ፣ በተለይ እርጥበት ያለው፣ ያዳክመዋል።

የፎገራ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከጉማራ ወይም ከርብ በሞተር ፓምፕ ውሃ ስቦ ማሳውን ሲያጠጣ፣ ጎማ ቢቀጥል ውሃው ራቅ ያለው መደብ ድረስ ይደርሳል፤ ወንዙ ግን አይሰፋም። ራውተርም እንዲሁ ነው፤ የገዛችሁትን ፍጥነት አይጨምርም፣ ያደርሰዋል እንጂ።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ላፕቶፕ በኬብል ሞደሙ ላይ ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ መሥመሩ ነው፤ ራውተር አያድነውም። እዚያ ጥሩ ሆኖ ጓዳ ሲደርስ የሚሞት ከሆነ ግን ራውተሩ ይጠቅማል።

አገጣጠሙ ይህ ነው፦ አዲሱ ራውተር «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ። ከሌለው፣ አድራሻው ከሞደሙ ጋር እንዳይጋጭ ቀይሩት (ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ አዲሱን 192.168.1.2 አድርጉት)፣ «ዲኤችሲፒ» የሚባለውን ዝጉ፣ ከዚያ ከሞደሙ «ላን» ቀዳዳ ወደ አዲሱ «ላን» ቀዳዳ ኬብል ዘርጉ። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ይሠራል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ፤ እርስ በርስ አይረባበሹም። የፋብሪካውን ፓስወርድ ደግሞ በዚያው ቀን ቀይሩ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። አቅራቢ ድርጅት መሥመሩን እስከ ቤቱ ያድርስ፣ ለጥራቱም ይጠየቅ። ከዚያ ወዲያ ያለው የባለቤቱ ነው። ደንበኛ ውል ሲፈርም የሞደሙ የመግቢያ ፓስወርድ በእጁ ሊሰጠው፣ የራሱን ራውተር ማገናኘት እንደሚችልም በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። የመስኖ ቦይ የሠራ ሰው፣ ገበሬው ውሃውን በየትኛው መደብ እንደሚያዞር አይወስንለትም።