ቦረና የማን ቅኝ ግዛት ሊሆን ነበር?

«እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚለው የታሪክ ጨዋታ በብዙ የታሪክ ሊቃውንት ዘንድ እምብዛም ክብር የለውም። የሆነውን መርምረን ሳንጨርስ ያልሆነውን ማሳደድ ሥራ መፍታት ነው ይላሉ። እኔ ግን ለዚህ ጨዋታ አንድ ጥቅም አይቼለታለሁ፤ የሆነው ሁሉ የግድ መሆን የነበረበት አድርጎ የማየትን ልማድ ያፈርስልናል። ስለ ድንበርና ስለ ካርታ ሌት ተቀን የምንከራከረውን እኛን ኢትዮጵያውያንን ይህ ልማድ ክፉኛ ይዞናል።

አፍሪካን የተቀራመቱት እነማን ናቸው ቢባል ማንኛውም አንባቢ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ፖርቱጋልን፣ ቤልጅግን፣ ጀርመንን፣ ጣሊያንንና ስፔንን ይቆጥራል። ሞክረው ያልሆነላቸው ግን ከዝርዝሩ ስለ ወደቁ ፈጽሞ የማይታሰቡ ይመስሉናል። ፖላንድ እንደገና ነጻ መንግሥት ከሆነች ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ በ1937፣ ሰዎቿን የምታሰፍርበት ምድር ፍለጋ ወደ ማዳጋስካር አጥኚዎች መላኳን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? እንዲህ ያሉትን ኃይላት ለማግኘት ግን ማዳጋስካር ድረስ መሻገር አያሻም። በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ወዳለችው ነገሌ፣ ከዚያም ወደ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ መውረድ ይበቃል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

አስቀድመን ግብፅን እንይ። በ1875 ኸዲቭ ኢስማኤል ጦሩን ወደ አፍሪካ ቀንድ በአራት አቅጣጫ አዘመተ። አንደኛው ከምጽዋ ተነሥቶ ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ ሁለተኛው በሙንዚንገር መሪነት ገብቶ አውሳ ላይ አለቀ፤ ሦስተኛው ሐረርን ያዘ። የአራተኛው ታሪክ ከሌሎቹ ያነሰ ይነገራል። በግብፅ አገልግሎት የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ማኪሎፕ የመራው የባሕር ኃይል ኪስማዮ ላይ አረፈ። ዓላማው ከጁባ ወንዝ አካባቢ ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሐይቆች የሚያደርስ መንገድ መክፈት ነበር። ጁባ ደግሞ ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ወንዝ ነው። ውኃውን እየተከተለ የሚወጣ ጦር ውሎ አድሮ የነገሌን ሜዳ መርገጡ አይቀርም ነበር።

አልሆነም። ጠረፉ የእኔ ነው የሚለው የዛንዚባር ሱልጣን ለእንግሊዝ አቤት አለ፤ እንግሊዝም ኸዲቩን ተጫነችው፤ ጦሩ በ1876 መጀመሪያ ተመለሰ። ኢስማኤልም እንቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። በዕዳ ተይዞ የሱዌዝ ቦይ አክሲዮኑን ለእንግሊዝ መንግሥት የሸጠው በዚያው በ1875 ኖቬምበር ነው። የኸዲቩ ካዝና ሙሉ ቢሆን ኖሮ፣ የቦረና ሹም «ፓሻ» እየተባለ በተጠራ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ቀጥላ የምትመጣው ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ናት። በአፍሪካ ምድር አንድ ጋት ይዞታ አልነበራትም። ቢሆንም የሀንጋሪው መኳንንት ሳሙኤል ቴሌኪና የባሕር ኃይሉ መኮንን ሉድቪግ ፎን ሆኔል በ1888 ከደቡብ መጥተው ሁለት ሐይቆች አዩና ትልቁን በአልጋ ወራሻቸው «ሩዶልፍ»፣ ከቦረና በስተምዕራብ ያለውን ጨው ባሕርን ደግሞ በልዕልቲቱ «ስቴፋኒ» ብለው ሰየሙ። ልዑሉ ዓመት ሳይሞላው ራሱን ገደለ፤ ኢምፓየሩም በ1918 ፈረሰ፤ ሐይቁ ግን እስከ 1975 ድረስ በሟቹ ስም ሲጠራ ኖረ። ቪየና መርከብም ወታደርም ነበራት፤ ዓይኗ ያረፈው ግን ባልካን ላይ ነበር። ሆኔል ራሱ በ1905 አዲስ አበባ የመጣው አገር ሊይዝ ሳይሆን የንግድ ውል ሊፈራረም ነው።

ሩሲያስ? በ1889 አሺኖቭ የተባለ ጀብደኛ ወደ መቶ ሃምሳ የሚሆኑ ኮሳኮችንና ሌሎች ተከታዮችን ይዞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰጋሎ ላይ ሰፈረና ቦታውን «አዲሲቱ ሞስኮ» አለው። ፈረንሳዮች በመድፍ በተኑት፤ ዛሩም አላውቀውም ብሎ ካደው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሩሲያውያን ብልሃቱን ለወጡ፤ በራሳቸው ባንዲራ ፈንታ በምኒልክ ጥላ ሥር ገቡ። ሊዮንቲየቭ «የኢኳቶሪያ ግዛቶች» ገዢ ተብሎ ተሾመ። ቡላቶቪች በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ወረደ፤ በዚያ የተተከለው ሰንደቅ ግን የኢትዮጵያ ነበር።

ጣሊያን ለእኛ «ተፈጥሯዊ» ቅኝ ገዢ ሆና የምትታየን ስለ ወረረችን ብቻ ነው። በዘመኑ ዓይን ከታየች ግን ከሁሉ ይልቅ የማትታሰበው እርሷ ናት። መንግሥት ሆና የቆመችው በ1861 ነው፤ ልጆቿ እንጀራ ፍለጋ በገፍ ወደ አሜሪካ ይሰደዱ ነበር። ሆኖም ካፒቴን ቦቴጎ በ1892 እና በ1893 የጁባን ምንጮች ሲያስስ፣ ገናሌን በጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ስም «ገናሌ ዶሪያ» አለው። ከሁለተኛው ጉዞው ግን አልተመለሰም፤ በ1897 በምዕራብ ኢትዮጵያ ተገደለ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የጣሊያን ጦር አድዋ ላይ ድል ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሩጫ ማን አሸነፈ? ከለንደን፣ ከሮም ወይም ከፓሪስ ሆኖ ለሚያይ ሰው ፈጽሞ ያልታሰበው ኃይል። አፄ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ፣ ከሩቅ የመጡ መንግሥታት አፍሪካን ሲከፋፈሉ ቆመው እንደማያዩ አስታወቁ። በ1890ዎቹ ማብቂያ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ቦረናን አስገበረ። ዲሴምበር 6 ቀን 1907 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ።

የዛሬው ፖለቲካችን የሚቆስለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ይህን «አገር ማቅናት» ይለዋል፤ ሌላው «ቅኝ ግዛት»። በበኩሌ ሁለቱም ቃላት ከጥያቄው መሸሻ ሆነው ይታዩኛል። አገር ማቅናት ነው የሚለው ሰው በነፍጥ ግብር የተጣለበትን አርብቶ አደር ዝም ያሰኘዋል። ቅኝ ግዛት ነው የሚለው ደግሞ ያ ጦር ባይደርስ ኖሮ ሜዳው ባዶ ሆኖ እንደማይቆይ፣ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች እንደነበሩ ይዘነጋል። መጠየቅ ያለበት፣ የመጣው መንግሥት ያገኘውን ሰው ምን አደረገው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ብዙ ምናብ አያሻም፤ ሞያሌ ላይ አስፋልቱን መሻገር ይበቃል። የ1907ቱ ውል ቦረናን ለሁለት ስለ ከፈለ፣ «ቢሆን ኖሮ» የምንለው ነገር ከወዲያ ማዶ በእውን ሆኗል። የእንግሊዝን ወገን ድንበር ይጠብቅ የነበረው መጀመሪያ ላይ ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ ነበር። በ1926 ቅኝ ገዢዎቹ የሰሜን ኬንያን አውራጃ ያለ ፈቃድ የማይገባበት ዝግ ግዛት አደረጉት። ከወዲህ ገባርነት፣ ከወዲያ ዝግ አውራጃ፤ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ገዳ በሁለት አስተዳደር ሥር ዋለ። ለሁለቱም ዋና ከተማው ሩቅ ነበር።

በዚያ ውል ውስጥ ግን አንድ አስተዋይ አንቀጽ አለ። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ ቅርብ ወዳለው የውኃ ጉድጓድም በነጻ እንዲደርሱ ይፈቅዳል። መስመሩን ያሰመሩት መንግሥታት የቦረና ከብት መስመር እንደማያውቅ ማመናቸው ነው። ቦረና ራሱ ለኤላዎቹ ከማንኛውም ውል የጠነከረ ሕግ ነበረው፤ አለውም። ጥልቅ በሆኑት የቱላ ጉድጓዶች ማን በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚመድብ አባ ሄረጋ አለ፤ ታላላቁን ጉዳይ ደግሞ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ይመክርበታል። ከካይሮም ሆነ ከሮም፣ ከለንደንም ሆነ ከአዲስ አበባ የመጣው ሹም ይህን ሥርዓት ሠርቶ አላመጣውም፤ ተሠርቶ ነው ያገኘው።

ጣሊያን በጃንዋሪ 1936 ተመልሳ መጣች። ግራዚያኒ በገናሌ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በአውሮፕላንና በመርዝ ጭስ ደብድቦ ነገሌን ያዘ፤ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድንን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደብድበው ነበር። ግራዚያኒ «የነገሌ ማርኪዝ» ተባለ፤ የባሕር ኃይሉም አንድ ሰርጓጅ መርከብ በከተማዪቱ ስም ሰየመ። መርከቧ በጃንዋሪ 1941 በሜዲትራኒያን ሰጠመች፤ በዚያው ዓመት ጣሊያኖች ከነገሌ ወጡ። ስለዚህ ማንም ቢገዛ ያው ነበር የሚል ሰው ቢኖር፣ እነዚያ አምስት ዓመታት ይመልሱለታል። ያው አልነበረም።

ይሁንና የማይታሰቡትን ተፎካካሪዎች ሁሉ ያሸነፈው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ራሱ ከየት ተነቃነቀ? ከነገሌ! ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ማለትም ጃንዋሪ 12 ቀን 1974፣ በከተማዋ የሰፈሩት ወታደሮች የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ በመከልከላቸው አመፁ። ችግሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትን አጠጧቸው። አመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ዘውዱ ወረደ።

ግብፅን ዕዳዋ፣ ኦስትሪያን ባልካን፣ የጣሊያንን የመጀመሪያ ሩጫ አድዋ መልሷቸዋል። የቦረና ባለቤትነት በዚህ ሁሉ አጋጣሚ መካከል አልፎ ነው አዲስ አበባ እጅ የገባው። በአጋጣሚ የተሰመረን ድንበር እንደ ታቦት መሳለም አይገባም፤ አጋጣሚ ነው ብሎ ማፍረስም ሞያሌ ላይ ሌላ መስመር ማስመር ነው። አገዛዝ ርስትነቱን የሚያጸናው ማን ቀድሞ ሰንደቅ ተከለ በሚለው ክርክር አይመስለኝም። በገዛ ወታደሩ መካከል ውኃን ማካፈል ያቃተው መንግሥት፣ ማካፈልን ለዘመናት ሲያውቅ ከኖረ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ነበር። አዲስ አበባ ለቦረና ሹም ልካለች፤ ከቦረና ሥርዓት ለመማር ግን እስከ ዛሬ አልተቻኮለችም።