ለካርቱን ፊልም ዳኛው ማነው?

ገንዘብ ወጥቶበት፣ ተዋናዮቹ ተውነውበት ያለቀለት ፊልም አንድም ተመልካች ሲኒማ ቤት ሳያየው ሊቀበር ይችላል? በኖቬምበር 2023 ሊሆን የነበረው ይኸው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀውን «ኮዮቲ ከአክሚ» የተሰኘ ፊልም ላለማውጣት ወሰነ። ፊልሙን ኪሳራ ብሎ ቢመዘግበው በግብር ሂሳቡ ላይ 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወራርድ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። በአጭሩ፣ ፊልሙ ከሚታይ ይልቅ ባይታይ ያዋጣል ተባለ።

ነገሩ የአንድ ኩባንያ የሂሳብ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ከጀርባው «ፊልም ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ብሎ የሚፈርደው ማነው?» የሚል የቆየ ጥያቄ አለ። ለዚህ ጥያቄ የድሮ ካርቱኖችን ከእውነተኛ ሰዎች ጋር አንድ ላይ የሚያሳዩት ቅይጥ ፊልሞች ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ምክንያቱም ተመልካቹ ወደ ሲኒማ ቤቱ ባዶ እጁን አይገባም። ገጸ ባሕርያቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ የራሱ ንብረት አድርጎ ያያቸዋል።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ሰውና ካርቱን በአንድ ፊልም መታየታቸው አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዋርነር ብራዘርስ አሳማው ፖርኪ ፒግ ከእውነተኛው አለቃው ከፕሮዲውሰር ሊዮን ሽሌዚንገር ጋር ቢሮ ቁጭ ብሎ ሲነጋገር አሳይቷል። በ1945 ደግሞ ጂን ኬሊ እኛም አገር በደንብ ከሚታወቀው አይጥ፣ ከ«ቶምና ጄሪ»ው ጄሪ ጋር ጨፍሯል። ያኔ ሰውን የሚያስደንቀው ዘዴው ራሱ ነበር። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስል ያሳልፋል። ሠዓሊዎቹ ደግሞ ከሰውየው እንቅስቃሴ ጋር እንዲገጥም አይጡን ምስል በምስል በእጃቸው ይስሉ ነበር።

ይህ ሙያ ጫፍ የደረሰው በ1988 በወጣው «ሮጀር ራቢትን ማን ወነጀለው» ነው። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ፣ የአኒሜሽኑ መሪ ሪቻርድ ዊሊያምስ ነበሩ። ዋናው ተዋናይ ቦብ ሆስኪንስ ባዶ አየር እያየ ይተውናል፤ ጥንቸሉ በኋላ በእጅ ይሳልበታል። በዚህ ፊልም የዲዝኒው ሚኪ ማውስና የዋርነሩ ባግስ በኒ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሲኒማ ጎን ለጎን ቆሙ። ዋርነር ፈቃዱን የሰጠው የእሱ ጥንቸል ከሚኪ እኩል ጊዜ እንዲታይ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነው። ለልጆች የተሠራ መስሏቸው የገቡ ወላጆች የግድያ ምርመራ ታሪክ አገኙ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ320 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ ሦስት ኦስካር አሸነፈ፣ ዊሊያምስም ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ትኬቱም፣ ሃያሲውም፣ ተመልካቹም በአንድ ቃል «ግሩም ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ዳኞቹ ተለያዩ።

በ1996 «ስፔስ ጃም» መጣ። መነሻው የጫማ ማስታወቂያ ነው። ናይኪ በ1992 ማይክል ጆርዳንንና ባግስ በኒን አንድ ላይ ያሳየበት ማስታወቂያ ስለተወደደ «ለምን ሙሉ ፊልም አናደርገውም?» ተባለ። ሃያስያን ተከፋፈሉ። ባግስ በኒን ዛሬ የምናውቀውን ካደረጉት ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነው አንጋፋው ቸክ ጆንስ አልወደደውም። ለእሱ ባግስ በኒ ችግር ሲገጥመው በብልጠቱ ራሱን የሚያወጣ ፍጡር እንጂ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እርዳታ የሚለምን አልነበረም። የሽማግሌው ቅሬታ ሚዛን ያለው ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ከዚህም የሚበልጠው በኋላ የመጣው ነው። በዘጠናዎቹ ልጅ የነበረ ትውልድ ባግስ በኒን የተዋወቀው በዚህ ፊልም ነው። ለአባቱ ማስታወቂያ የነበረው ለልጁ ትዝታ ሆነ። ዛሬ ሠላሳዎቹንና አርባዎቹን የያዘ ሰው ፊት «ስፔስ ጃም»ን ማጣጣል ጠብ መፈለግ ነው።

በ2003 «ሉኒ ቱንስ፦ ባክ ኢን አክሽን» ወጣ። ዳይሬክተሩ ጆ ዳንቴ የድሮዎቹ ካርቱኖች አፍቃሪ ነበር። ገጸ ባሕርያቱን ወደ ቀድሞ ተንኮላቸውና ብልጠታቸው መለሳቸው። አዳኙ ኤልመር ፋድ ባግስንና ዳፊን በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ሲያባርራቸው፣ እየዘለሉ የሚገቡበትን ሥዕል ሁሉ አሳሳል የሚመስሉበት ትዕይንት በቅይጥ ፊልም ታሪክ ከታዩት ምርጦች አንዱ ነው። ሃያስያኑ ከ«ስፔስ ጃም» የተሻለ ተቀበሉት። ተመልካቹ ግን አልመጣም። 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ያስገባው 68 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በዚያን ሰሞን ፍርዱ ያለቀ ይመስል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን የካርቱን ወዳጆች በዲቪዲና በቴሌቪዥን ደጋግመው አዩት፤ ዛሬ «ያኔ በደልነው» የሚሉ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። አንዱን ትኬቱ አነሣው፣ ሌላውን ትኬቱ ጣለው። ሁለቱንም ግን በመጨረሻ የዳኘው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ገቢ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው።

በ2021 ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ፤ ፍርዱ ከፊልሙ ቀድሞ መድረስ ጀመረ። በሌብሮን ጄምስ የተሠራው «ስፔስ ጃም፦ ኤ ኒው ሌጋሲ» ገና ሳይወጣ የሴቷ ጥንቸል የሎላ በኒ አሳሳል ለምን ተቀየረ ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ጦርነት ተከፈተ። ፔፔ ለ ፒው የተባለው ገጸ ባሕርይ ከፊልሙ መውጣቱም ሌላ ንትርክ አስነሣ። ፊልሙ ሲወጣ ግን ብዙ ተመልካች የከፋው በሌላ ነገር ነበር፤ ታሪኩ የኩባንያውን ንብረቶች፣ ከ«ካዛብላንካ» እስከ «ማትሪክስ»፣ በየተራ የሚያስጎበኝ ካታሎግ መሰለው። ሰዉ ልጅነቱን ሊያይ ገብቶ የዕቃ ዝርዝር ቀረበለት።

ይህን ይዘን ወደ 2023 እንመለስ። «ኮዮቲ ከአክሚ» መነሻው ኢያን ፍሬዚየር በ1990 «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ያወጣው ቀልድ ነው። ከ1949 ጀምሮ ሮድ ራነር የተባለችውን ወፍ እያባረረ ገደል የሚገባው የበረሃ ቀበሮ፣ የተበላሸ ሮኬትና ፈንጂ የሸጠለትን አክሚ ኩባንያ ፍርድ ቤት ይከሳል። አንድ ምስኪን ግዙፍ ኩባንያን ሲከስ የሚያሳይ ፊልም በግዙፍ ኩባንያ ሂሳብ ክፍል ታፈነ። ደራሲ ቢጽፈው «አጋነንክ» ይባል ነበር።

ዳይሬክተሮችና ጸሐፊዎች ተቆጡ። የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ዋኪን ካስትሮ ጉዳዩ እንዲመረመር ጠየቁ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ለዘብ ብሎ ፊልሙ ለሌላ ገዢ እንዲቀርብ ፈቀደ። ድርድሩ ከዓመት በላይ ተጓተተ። በመጨረሻ በ2025 ኬቸም ኢንተርቴይንመንት የተባለ ድርጅት ገዛው፤ ለኦገስት 2026 የሲኒማ ቀን ተቆረጠለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

«ገንዘቡ የኩባንያው ነው፤ በገዛ ገንዘቡ ያሻውን ቢያደርግ ማን ይከለክለዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። መጽሐፍ አሳታሚም የጻፉትን ሁሉ የማሳተም ግዴታ የለበትም። ግን ሁለት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛ፣ ከግብር የሚቀነሰው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ሕዝብ ላላየው ፊልም ቀብር እንዲያዋጣ እየተጠየቀ ነው። ሁለተኛ፣ እነዚህ ገጸ ባሕርያት ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖሩት ወረቀት ላይ ባለ የባለቤትነት መብት ብቻ አይደለም። ወላጅ ለልጁ እያሳያቸው፣ ልጁም ሲያድግ ለልጁ እያሳያቸው ነው። ዋጋ ያወጡት በዚህ ነው።

ተመልካቹም ግን ከወቀሳ ነፃ አይደለም። በ2021 በአንድ ሥዕል ምክንያት ፊልሙን ሳያይ የፈረደው ሰውና በ2023 በሂሳብ ሰንጠረዥ የፈረደው ሥራ አስኪያጅ ጥፋታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ሳያዩ ፈረዱ። ለኮዮቲው የጮኹት ሰዎች የሚለዩት «ፊልሙ ጥሩ ነው» ስላሉ አይደለም፤ አብዛኞቹ አላዩትም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንየው።

ምናልባት ፊልሙ ደካማ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ያኔ አይተን «ደካማ ነው» እንላለን፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ልጆቻችን «ተሳስታችኋል» ይሉን ይሆናል። ክርክሩ እንዲኖር ግን በመጀመሪያ ፊልሙ መታየት አለበት።