ከዓላማ በፊት እጅ፦ ትወናን ለአኒሜሽን ተማሪዎች ስለማስተማር

የአኒሜሽን ትወና ከመድረክ ትወና የሚለየው በጊዜ ነው። የመድረክ ተዋናይ ቁጣውን በተቆጣበት ቅጽበት ያሳያል፤ አኒሜተር ግን በሴኮንድ 24 ፍሬም እየቆጠረ ለአንዲት አጭር ቁጣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሊውል ይችላል። የሚተውንበት አካልም የራሱ አይደለም፤ በወረቀት የተሣለ ወይም በኮምፒውተር የተገነባ ገጸ ባሕርይ ነው። የአኒሜሽን ተማሪ ትወና መማር አለበት ወይ የሚለው ክርክር ካበቃ ቆይቷል። ያላበቃው ትምህርቱ ከየት ይጀምር የሚለው ነው።

የቀደመው ታሪክ ባጭሩ ይነገራል። ዶን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1932 የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሠዓሊዎችን ማስተማር ጀመረ። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ 12ቱን የአኒሜሽን መርሆዎች አስፍረዋል። ዶናልድ ክራፍተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በውጫዊ ምልክት ብቻ የሚታወቀውን ገጸ ባሕርይ ውስጣዊ ሕይወት ካለው ለይቷል። በእነዚህ ሥራዎች ላይ እዚህ የሚነሣ ክስ የለም።

ክሱ በኤድ ሁክስ ላይ ነው። ሁክስ ተዋናይና የትወና መምህር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ «አንትዝ» የተሰኘውን ፊልም ለሠራው ስቱዲዮ አኒሜተሮች ትወና አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው መጽሐፍም በዘርፉ በሰፊው ይጠቀሳል። የሚያስተምረው በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይጠቃለላል፦ ሐሳብ ወደ ድምዳሜ፣ ስሜት ወደ ድርጊት ያመራል፤ ገጸ ባሕርይ ዓላማ ይኑረው፤ ትዕይንት ድርድር ነው። አንዱም ሐሰት አይደለም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ገጸ ባሕርይዋ ምን ትፈልጋለች?» ተብሎ ነው፤ መልሱም በቃላት ይመጣል። «እናቷን ማስደሰት ትፈልጋለች» ብሎ የጻፈ ተማሪ ክርኗ የት እንደሚውል፣ ክብደቷ በየትኛው እግሯ ላይ እንደሚያርፍ ገና አያውቅም። ሶፍትዌሩ ግን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከዚህ ይከብዳል። ሁክስ አኒሜተር መድረክ ላይ የማይወጣ በመሆኑ የተዋንያን ልምምድ ብዙም አይበጀውም ብሎ፣ የትወና ንድፈ ሐሳብን አስቀደመ። መነሻው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ሸክም ተሸክሞ የማያውቅ ተማሪ ሸክም ሲሥል ከባዱን ነገር ፊት ላይ ባለ ምሬት ሊገልጸው ይሞክራል፤ ጉልበቱ ሳይታጠፍ፣ አንገቱ ሳይገተር ይቀራል። የሁክስ ደጋፊ መጽሐፉ «ድርጊት ሁሉ በእንቅስቃሴ ይጀምራል» ይላል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይላል፤ ነገር ግን ከሰባቱ መሠረታዊ ሐሳቦች እንደ አንዱ ተቀምጧል እንጂ የተቀሩት አልተሠሩበትም። ግጭት የሌለው ትዕይንት ትወና የለውም የሚለው አቋምም ብቻውን የሚሠራን ሰው ማየት የሚስበን ለምን እንደሆነ አያብራራም። ከሁኔታው ጋር መታገልም ግጭት ነው ከተባለ፣ ሁሉን የሚያቅፍ ቃል ምስል ለመምረጥ አይረዳም።

የተሻለ መነሻ ከብዙ ጊዜ በፊት ተጽፎ ነበር። የእንቅስቃሴ አጥኚው ሩዶልፍ ላባን ከጀርመን ወጥቶ እንግሊዝ ከገባ በኋላ ከኤፍ. ሲ. ሎረንስ ጋር የፋብሪካ ሠራተኞችን እንቅስቃሴ አጠና፤ ሁለቱ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1947 በመጽሐፍ አወጡ። እንቅስቃሴ በክብደት፣ በጊዜ፣ በቦታና በፍሰት ይለካል፦ ብርቱ ወይም ቀላል፣ ድንገተኛ ወይም የተራዘመ፣ ቀጥተኛ ወይም ዞርዞር ያለ፣ ልቅ ወይም የተያዘ። ዛሬ ላባን ሲነሣ የሚታሰበው የዳንስ አዳራሽ ነው። ያ መጽሐፍ ግን ከሥራ ቦታ የወጣ ነው፤ የአኒሜሽን መምህራንም ወደዚያው ሊመልሱት ይገባል።

ለዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሸኮን፣ የሚዛን ተፈሪንና የቴፒን የቡና ማሳ የሚያህል መማሪያ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። ለቃሚዋ በአንድ እጇ ቅርንጫፉን ጎትታ ትይዛለች፤ ይህ ብርቱና የተያዘ እንቅስቃሴ ነው። በሌላው እጇ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ለይታ ትለቅማለች፤ ይህ ደግሞ ቀላል፣ ድንገተኛና ቀጥተኛ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ጥረቶች በአንድ አካል፣ በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ዐይኗ ከእጇ ይቀድማል፤ ጣቷ አንዱን ፍሬ ሲቆርጥ ዐይኗ ቀጣዩን መርጧል፤ ሐሳብ የሚታየው እዚህ ነው። ቅርንጫፉን ስትለቀው ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ ቅጠሉም ከግንዱ ዘግይቶ ይረጋል፤ ቶማስና ጆንስተን ስለ ተከታይ እንቅስቃሴ የጻፉት መርህ ያለ ሥዕል ይታያል። ቅርጫቱ እየሞላ ሲሄድ የወገቧ አቋም ይለወጣል፤ የጠዋቷና የማታዋ ለቃሚ አንድ ሰው ሆነው ሁለት ገጸ ባሕርይ ናቸው።

እንስሳም ያስተምራል። የሸኮ ከብት ሻኛው እጅግ ትንሽ የሆነ ወይም ጭራሽ የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ አልባ፣ ገንዲን በመቋቋም የታወቀ ዝርያ ነው። የዜቡ በሬን አረማመድ ከቪዲዮ የገለበጠ ተማሪ ከትከሻው በላይ የሚወዛወዝ ሻኛ ይሠራል፤ ሸኮ ላይ ግን የሚወዛወዝ ነገር የለም፣ የአካሉ ሚዛንም ሌላ ነው። ስለ ላሟ «ዓላማ» መጠየቅ ይህን ስሕተት አያርመውም።

የአገራችን የቴአትር ታሪክ ራሱ የሚጠቁመው ወደዚህ ነው፤ ይህ ምንጭ ለምን እንደተዘነጋ ያስገርማል። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር የሚባለው፣ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ የቀረበው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ ሰዎች አውሬ ሆነው የተወኑበት ነው። ጸሐፊዎች የሚያነሡት የፖለቲካ ሽሙጡንና የንግሥት ዘውዲቱን እገዳ ነው፤ ተዋናዩ አካሉን ወደ አውሬ አካል እንዴት ያመጣዋል የሚለው የትወና ጥያቄ ችላ ተብሏል። የአኒሜተር የዕለት ጥያቄ ግን ይኸው ነው። ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም ቀጭኔዋን አሻንጉሊት ለልጆች ሕያው ያደረጋት በእጅ እንቅስቃሴና በድምፅ ነው፤ ተቋሙ በኋላ ወደ «ጥበብ ገርልስ» አኒሜሽን ሲሻገር ትወናን ከባዶ የጀመረ አይመስልም።

የሥራ እንቅስቃሴ ስሜትን አያስተምርም የሚል ተቃውሞ ይኖራል። ያኮረፈች ለቃሚ ቅርንጫፍ የምትለቅበትን አኳኋን ያየ ሰው ይህን አይልም። ዘዴው በየተቋሙ መፈተን እንዳለበት ግልጽ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ለመለወጥ ግን ያን መጠበቅ አያስፈልግም።

ንግግር መጨረሻ ላይ ይምጣ። በማሳዎቹ አካባቢ የሚነገረው ሸኮኛ አራት የድምፅ ቃና ደረጃዎች አሉት፤ የቃና ልዩነት የቃልን ትርጉም ይለያል። በአማርኛ ያደገ ተማሪ ድምፅ ከፍ ሲል ቅንድብ ማንሣት ይቀናዋል፤ በሸኮኛ ምልልስ ላይ እንዲህ ቢያደርግ ተራውን ቃል ግርምት ያስመስለዋል። ስለዚህ መልመጃው በመጀመሪያ ድምፅ አልባ ይሆናል፦ ተማሪው ማሳ ውስጥ ያየውን የአሥር ሴኮንድ ሥራ በራሱ አካል ይሠራዋል፣ ይቀረጻል፣ ከዚያ ይሥለዋል። መምህሩ የሚያርመው ቀረጻውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አድርጎ ነው፤ ሥዕሉ ከቀረጻው ጋር ፍሬም በፍሬም ከገጠመ ተማሪው ገልብጧል፣ ክብደቱ ከጠፋ ደግሞ አላየም። «ምን ትፈልጋለች?» የሚለው የሁክስ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ እርማት በኋላ፣ ለሁለተኛው ረቂቅ ነው።