ባቡር የወለዳት ከተማ፣ ባሕር የማይደርስ ወንዝ

ፓሪስ የሄደ ሰው ሦስት ነገር ሳያደርግ አይመለስም። ኤፍል ማማ ላይ ይወጣል፣ ጣሪያው ክፍት በሆነ አውቶቡስ ከተማዋን ይዞራል፣ ወደ ማታ ደግሞ በሴን ወንዝ ላይ በጀልባ ይንሸራሸራል። ብዙ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ቲኬት ይሸጡለታል። ለንደንም እንዲሁ ናት። ይህን ዓይነቱን ጉዞ ወደ አዳማና ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላምጣው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ማማው የታል? አዋሽስ ከመቼ ወዲህ ነው ጀልባ የቻለው? ይሁን እንጂ ሐዲድ፣ የመኪና መንገድና ውኃ በዚህ አካባቢ ተያይዘው የኖሩ ነገሮች ናቸው። ከተሞቹን የፈጠሩት፣ ያሳደጉትና አንዳንዴም ያስቸገሩት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ቲኬቱ ገና አልታተመም እንጂ መንገዱ አለ።

ከባቡር ጣቢያው እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ኤፍል ማማ በፓሪስ ከቆመ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ከሊዮን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ገንዘብ ሲያፈላልግ ቆይቶ ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። እዚያ ላይ ገንዘቡም ፖለቲካውም አንድ ላይ አለቀ። ፈረንሳይና እንግሊዝ ባቡሩ የማን ይሁን በሚል ሲጓተቱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የውጭ ኩባንያ በአገራቸው መሬት ላይ የሚኖረውን ሥልጣን በጥርጣሬ ሲያዩ ዓመታት አለፉ። በኋላ አዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ አዋሽን ተሻገረ፤ በ1907 ዓ.ም. አቃቂ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር።

አዳማ የዚህ የመጨረሻ ጉዞ ልጅ ናት። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር በየጥቂቱ ርቀት ቆሞ ውኃና ማገዶ ይፈልጋል፤ ጣቢያ ባለበት ሠራተኛ ይሰፍራል፣ ሠራተኛ ባለበት ምግብ የሚሸጥ ይመጣል፣ ነጋዴ ይከተላል። በኮረብቶች የተከበበችው፣ ክረምት ሲገባ ከየተራራው ጎርፍ የሚወርድባት ይህች ሜዳ ከተማ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው። የንጉሥ ከተማ ወይም የጦር ሰፈር ሆና አልተቆረቆረችም፤ የአብዛኞቹን የሸዋ ከተሞች ታሪክ ለሚያውቅ ይህ ራሱ ለየት ያለ ነገር ነው። ንጉሥ ያልሠራት ከተማ ናት ብንልም ስም ግን ንጉሥ ሰጥቷታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት አሏት፤ በኋላ ቆቃ ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲፈጠር ደግሞ እሱን ገሊላ አሉት። ወንጌል የሚያነብ ሰው የንጉሡን ካርታ ወዲያው ይገባዋል። በ1992 ዓ.ም. ከተማዋ አዳማ የሚለው የጥንት ስሟ በይፋ ተመለሰላት። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ እንድትሆን ተወሰነ፤ መቀመጫው በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ስለዚህ የአዳማ ማማ ቁመት የለውም፤ ማማዋ ጣቢያው ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ከለገሃር ተነሥቶ በአቃቂ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ ናዝሬት መውረድ ለረጅም ዘመን የመዝናኛ ጉዞም ነበር። ወደ ቆላው ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ በየጣቢያው ፍራፍሬ በመስኮት ይገዛል። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን መስመር መሸፈን ያቆመው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጣቢያዎቹ ግን እንደ ድሮው ከተማ መሐል አይደሉም። ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ አለበት። ለጭነት ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ለከተማ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ባቡር የሠራት አዳማ ዛሬ ባቡሩን የምታየው ከሩቅ ነው።

ወደ አውቶቡሱ እንለፍ። መስከረም 2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት ባለ ስድስት መስመር፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ነበር። ድሮ ሎንቺና አቧራ እያጨሰ ግማሽ ቀን የሚጨርስበት ጉዞ ከሰዓት ብዙም የማያልፍ ሆነ። ከመናኸሪያው በኋላ አዳማ የባጃጅና የጋሪ ከተማ ናት። ጋሪው እየተገፋ ወደ ዳር ወጥቷል፤ ጎብኚ ግን ከተማዋን ለማየት ከጋሪ የተሻለ ነገር አያገኝም። ፍጥነቱ ለዓይን ይመቻል፤ የላይኛው አካሉም እንደ ፓሪሱ አውቶቡስ ክፍት ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የሚሽከረከሩት የንፋስ ኃይል ማማዎች ከጋሪ ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ 34ቱ 51 ሜጋ ዋት፣ በኋላ የተጨመሩት 102ቱ 153 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ።

ለብቻው የሚመደብ አውቶቡስ ቢኖር ግን ከከተማው ወጥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንጂ መሄድ ነበረበት። የወንጂ ታሪክ ከጃቫ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይደለም። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ በደች ቅኝ ግዛት ዘመን በኢንዶኔዥያ ሰፋፊ የሸንኮራ እርሻ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ኩባንያው አዲስ አገር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ጀመረ። አዋሽ ሜዳው ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ ቦዩ ተቀደደ፣ አገዳው ተተከለ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞች አገዳ ቆረጡ። ለደች ባለሙያዎች የተሠሩት ቤቶችና የሠራተኛው መንደሮች ጎን ለጎን የቆሙበትን ሰፈር ማየት የዚያን ዘመን የሥራ ሕይወት ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳል። በ1954 ዓ.ም. ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ተጨመረ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሳቸው፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሮጌዎቹ ተዘግተው ሥራው ዶዶታ ወዳለው አዲስ ፋብሪካ ተዛወረ። የሻይ ስኳራችን የት እንደተጀመረ የማያውቅ ትውልድ እያደገ ነው። የተዘጉት ፋብሪካዎች ሙዚየም ካልሆኑ ብረታቸው ተመዝኖ መሸጡ አይቀርም፤ የሚመለከተው ቢሮ ከወዲሁ ቢያስብበት ደግ ነው።

ከዚያ ወደ ቆቃ። እዚህ ላይ አውቶቡሱ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም አለበት፤ ምክንያቱም ቆቃ ጦርነትና ካሣ የተገናኙበት ቦታ ነው። ጣሊያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ግዴታ ጣለባት። ለመርዝ ጋዙ፣ ለየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ ለተቃጠሉት ገዳማትና መንደሮች ሁሉ ዋጋው ይህ ሆነ። ያም ቢሆን በቶሎ አልተከፈለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሁለቱ መንግሥታት ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዝቅ ባለ ገንዘብ ተስማሙ፤ ከገንዘቡም የቆቃ ግድብ ተሠራ። በግንባታው አማካሪነት የገባው ኖርኮንሰልት የተባለ አዲስ የኖርዌይ ኩባንያ ነበር፤ ዛሬ ትልቅ ስም ያለው ይህ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራው ቆቃ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቆ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ሲያመነጭ በአገሪቱ ትልቁ ነበር። ከኋላው 180 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሐይቅ ተኛ፤ ውኃው ተርባይኑን አሽከርክሮ ሲወጣ ወደ አዋሽ ሁለትና ሦስት ማመንጫዎች፣ ከዚያም እስከ መተሐራ ድረስ ወደ አገዳው ይወርዳል።

ከሐይቁ በታች ግን መሬት ነበረ፤ የጅሌ ኦሮሞ የግጦሽና የእርሻ መሬት። ካሣው ለአገር ሲከፈል የመሬቱ ባለቤቶች ተነቀሉ። ወደ ታች ከረዩዎችም በመተሐራ የስኳር እርሻና በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መካከል ተጨንቀው ቀሩ። ሐይቁም ቢሆን የራሱ ችግር አለበት። ከደጋው የሚታጠበው አፈር ውኃ የመያዝ አቅሙን በልቶበታል። ዛሬ በጣና ስሙ የሚነሣው እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። ከሞጆ በኩል የሚመጣው የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽም ወደዚሁ ይገባል። በቆቃ ላይ ጀልባ ይንሳፈፍ፣ ጉማሬ ይጎብኝ የሚል ሁሉ መጀመሪያ ውኃው አረንጓዴ የሆነበትን ምክንያት መጠየቅ ይገባዋል።

ከቆቃ ግድብ ወደ ሶደሬ አጭር መንገድ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚፈልቀው ፍል ውኃ፣ ከጎኑ አዋሽ፣ ዛፎቹ ላይ ጦጣዎቹ፣ በየቅዳሜና እሑዱ የሚሞላው መዋኛ፤ ይህን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ሶደሬ በዲፕሎማሲ መዝገብ ውስጥም እንዳለች ግን ብዙ ሰው ዘንግቶታል፦ በ1989 ዓ.ም. ሃያ ስድስት የሶማሊያ አንጃዎች ተሰብስበው የተስማሙበት ሰነድ የሶደሬ ስምምነት ይባላል።

ቀሪው የጀልባው ጉዳይ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አሸዋው፣ ፏፏቴውና ገደሉ ለመደበኛ መርከብ አይሰጡትም። በአገራችን እውነተኛ የወንዝ መርከብ ያስተናገደው የባሮ ወንዝ ነው፤ ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ቡና ጭኖ የሚወርደው የእንግሊዝ መርከብ እስከ ሱዳን ነፃነት ዋዜማ ድረስ ነበር። አዋሽ ግን ጎብኚ አጥቶ አያውቅም። አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ግመሎች ጭኖ ወንዙን እየተከተለ እስከ አቤ ወረደ፤ የአዋሽን መጨረሻ ለአውሮፓ ሳይንስ ያስመዘገበው እሱ ነው። ጀልባ ያወረዱበት አሜሪካውያን ናቸው። ሶቤክ የተባለውን የጀብዱ ጉዞ ኩባንያ የመሠረቱት እነ ሪቻርድ ባንግስ እ.ኤ.አ. በ1973 በጎማ ጀልባ ኦሞን ከመድፈራቸው በፊት የተለማመዱት በአዋሽ ላይ ነው። ስሙን እንኳ ከጥንት ግብፅ የአዞ አምላክ ወሰዱት፤ አዋሽና ኦሞን ለሚያውቅ ሰው ስሙ ተገቢ ነው።

ለተራ መንገደኛ ግን ጀልባው ባቱ ላይ ይሻላል። ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ አድርጎ በሚደረስባት በባቱ ዳር ያለው የዝዋይ ሐይቅ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር አይሞላም። ከከተማው ወደብ፣ ዓሣ አስጋሪዎች ቆሮሶ በሚያወርዱበትና አባ ኮዳ የተባሉት ወፎች ፍርፋሪ በሚጠባበቁበት ዳር፣ ሞተር ጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳል። ደሴቶቹ አምስት ናቸው፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለው በእሱ ላይ ነው። ትውፊቱ በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ እንደተጠለሉ ይናገራል። ትውፊቱን መቀበል ለአንባቢ ይተው፤ ገዳሙ ያቆያቸው የብራና መጻሕፍትና የዛይ ሕዝብ ግን በዓይን የሚታዩ ምስክሮች ናቸው። ዛዮች በውኃ ተከልለው ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ቋንቋቸውን ጠብቀዋል፤ በደሴቶቹ ዳገት ላይ በድንጋይ ካብ እርከን ሠርተው አርሰዋል፤ ለዘመናት ከየብሱ ጋር ያገናኛቸው መቅዘፊያቸው ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ወጣቶች ወደ ባቱና ወደ መቂ ወጥተዋል።

መንግሥትም ሆነ የግል አስጎብኚ ከአዳማ ጣቢያ ተነሥቶ በወንጂና በቆቃ አድርጎ ባቱ ላይ የሚያበቃ አንድ ቲኬት ቢያዘጋጅ ሁሉም ነገር በመንገዱ ላይ አለ። እስከዚያው ራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ አዳማን ቅዳሜ ጨርሱና ባቱ እደሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያበዛልና ወደ ቱሉ ጉዶ በማለዳ ተነሡ። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን አትሳፈሩ።